ሳይፈሩና ሳያስፈሩ መናገር፦ በሕሙማን ክፍል ለሚሠሩ ነርሶች

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ደሴ ውስጥ በአንድ የማዋለጃ ክፍል የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሳለ፣ ስልክ በእጄ ይዤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳልደውል ቆሜያለሁ። አልጋ 4 ላይ የተኛችው እናት በእርግዝናዋ ምክንያት የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ (ፕሪኤክላምፕሲያ የምንለው ነው)፣ እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም ሰልፌት ተጀምሮላት ነበር፤ በየ4 ሰዓቱ በጡንቻ የሚሰጠው 5 ግራም የሚሰጥበት ሰዓትም ደርሷል። ከመስጠቴ በፊት ትንፋሿን ስቆጥር በደቂቃ 13 ሆነብኝ። ከ16 በታች ከሆነ መድኃኒቱ እንደማይሰጥ ተምሬያለሁ። ጉልበቷን መታ ሳደርገውም እግሯ አልተንቀሳቀሰም። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ነገር ግን ተረኛው ሐኪም በዚያው ሌሊት ስለ ሌላ ታካሚ ስቀሰቅሰው ተቆጥቶኝ ስለነበር «ደግሞ ምን ይዛ መጣች» እንዳይለኝ ፈራሁ። አንዲት አንጋፋ ነርስ ለሌላ ጉዳይ ብቅ ብላ ፊቴን አይታ ባትጠይቀኝ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እስከ ዛሬ ማሰብ አልወድም። እሷ መርፌውን አስቁማ ደወለች፤ ሐኪሙ ወዲያው መጣ፤ የበዛ ማግኒዥየም ማርከሻ የሆነው ካልሲየም ግሉኮኔት ተሰጣት፤ እናቲቱም ከቀናት በኋላ ልጇን ታቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ሐኪሙ ያን ጊዜ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «መቼ ነው የቆጠርሽው?»

ያን ሌሊት ያሰረኝ ይሉኝታ ነበር። ይሉኝታ በአገራችን ትልቅ ሀብት መሆኑን አልክድም፤ ታላቅን የምናከብረው፣ የሰው ፊት የምንጠብቀው፣ በወሎም እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ጓሮ ተከባብሮ የሚኖረው በእሱ ጭምር ነው። በሕሙማን ክፍል ውስጥ ግን ይሉኝታው የነርሷ ሆኖ ሳለ ዕዳው በታካሚዋ ላይ ይወድቃል። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋልኩ፤ ወደ ላይ መናገር ያቃተን ሰዎች ወደ ታች ስንናገር ሻካራ እንሆናለን። ጧት በሐኪሙ ፊት የዋጥነው ቃል ከሰዓት በኋላ ከኩታበር ተነሥተው በመጡ አዛውንት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ለሐኪም በድፍረት መናገርና ለታካሚ በርኅራኄ መናገር ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች አይመስሉኝም፤ ከዚህ በታች ያሉትን ምክሮች የጻፍኩትም በዚህ እምነት ነው።

ለሐኪም ሲነገር

ስልክ ከማንሣታችሁ በፊት ታካሚዋ አጠገብ ቆማችሁ ትንፋሿን፣ የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷንና የኦክስጅን መጠኗን ራሳችሁ እንደገና ለኩ፤ ከ4 ሰዓት በፊት በቻርት ላይ የሰፈረ ቁጥር ይዞ መደወል ጥያቄ ሲመጣ መልስ ያሳጣል፤ መልስ ያጣ ሰው ደግሞ ድምፁ ይከዳዋል። ብዙ ጊዜ ድፍረት የምንለው ነገር ዝግጅት ነው፤ ቻርቱ በእጁ፣ ቁጥሩ በአፉ ያለ ነርስ አይንቀጠቀጥም።

የንግግሩን ቅደም ተከተል በተመለከተ በብዙ አገሮች የሚሠራበት «ኤስባር» የተባለ ሥርዓት አለ፤ መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ሲሆኑ፣ በኋላ ወደ ሆስፒታሎች የገባው የበታች ሠራተኛ ለበላዩ አስቸኳይ ነገር በአጭሩና ሳይሸማቀቅ እንዲነግር ስለሚያግዝ ነው። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፤ አሁን የሆነው ምንድን ነው፣ ከዚህ በፊት የነበረው ታሪክ ምንድን ነው፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እንዲደረግ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አብዛኞቻችን እንችላለን። የምንዘልላቸው የመጨረሻዎቹን ሁለት ነው፤ «ዶክተር፣ ታካሚዋ ትንሽ ደከም ብላለች፤ ቢያዩዋት ጥሩ ነው» ብለን እንተወዋለን። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ከእንቅልፉ የተነሣው ሐኪም ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሞት ከደጅ መቆሙን ሊሰማ አይችልም። ያን ሌሊት መናገር የነበረብኝ እንዲህ ብዬ ነበር፦

«ዶክተር፣ ከማዋለጃ ክፍል ነው የምደውለው። አልጋ 4 ላይ ያለችው እናት ትንፋሿ ወደ 13 ወርዷል። የ22 ዓመት ሴት ናት፤ ፕሪኤክላምፕሲያ ኖሯት ትናንት ከሐይቅ ሪፈር ተደርጋ የመጣች ናት፤ ማግኒዥየም ሰልፌት ከተጀመረላት 12 ሰዓት ሆኗታል። የጉልበቷ ሪፍሌክስ ጠፍቷል፤ ባለፉት 4 ሰዓታት የሸናችው 80 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። መድኃኒቱ በሰውነቷ ውስጥ በዝቶባታል ብዬ አምናለሁ። የአሁኑን መርፌ አልሰጠሁም፤ ካልሲየም ግሉኮኔት አዘጋጅቻለሁ። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እጠይቃለሁ።»

ይህን ጮክ ብላችሁ ብታነቡት ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የሚፈጀው። በውስጡ አንድም የንቀት ቃል የለም፤ «እርስዎ» የሚለው አክብሮትም አልጎደለም፤ ሆኖም የሰማው ሰው ተመልሶ ሊተኛ አይችልም። ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆን እንዳለበት እሱም ያውቃልና «80 ብቻ» ሲባል ቀሪውን ራሱ ያሰላዋል።

መልሱ «እሺ፣ ጧት አያታለሁ» ቢሆንስ? በትሕትና የተነገረ ነገር በመጀመሪያው ላይሰማ ስለሚችል ሁለተኛ ጊዜ በሌላ ቃል መናገር ግዴታችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ቡድኖች በወጣ አንድ የታወቀ ሥልጠና ላይ ለዚህ የሚሆን ሦስት ደረጃ ያለው አነጋገር አለ፤ ወደ እኛ አባባል ሳመጣው እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ «ዶክተር፣ ይህ ነገር አሳስቦኛል» በሉ። ካልተሰማ «በዚህ ሁኔታ እስከ ጧት መቆየት ይከብደኛል» በሉ። በመጨረሻም «ይህ ለታካሚዋ ሕይወት አደጋ ነው» በሉ። ከሦስተኛው በኋላም ለውጥ ከሌለ ወደ ሲኒየር ሐኪሙ ወይም ወደ ነርሶች ኃላፊዋ ወደ ማትሮኗ መደወል ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ከጀርባ የሄዳችሁ እንዳይመስል አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «አልተስማማንም ዶክተር፤ ስለዚህ ለሲኒየሩ ልደውል ነው፤ ሳልነግርዎ እንዳላደርገው ብዬ ነው።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ከተናገርኩ በኋላ የተቀየመኝ ሐኪም አላጋጠመኝም፤ በአንጻሩ ሳይነገረው ከበላዩ የሰማ ሰው ለወራት ሲያኮርፍ አይቻለሁ።

በታካሚ ፊት ክርክር አይደረግም። አልጋው አጠገብ የምትቃወሙት ነገር ካለ «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ላናግርዎ» ብላችሁ ወደ ኮሪደሩ ውጡ፤ መርፌው በእጁ ላይ ካለና ጊዜ ከሌለ ግን «ይቆዩ፤ መጀመሪያ ካርዱን እንይ» ማለት ይበቃል።

በስልክ የሚሰጥ ትእዛዝ የራሱ አደጋ አለው። የክፍላችን ቋንቋ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለ በመሆኑ፣ መጠን በእንግሊዝኛ ሲነገር «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በመጥፎ ኔትወርክ አንድ ይሆናሉ። በአማርኛ ግን አሥራ አምስትና ሃምሳ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ስለዚህ እየሰማችሁ ጻፉ፤ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡ፤ ቁጥሩን በአማርኛ ድገሙት፦ «አሥራ አምስት ሚሊ ግራም፣ አንድና አምስት፣ በደም ሥር፤ ልክ ነኝ?» ልምድ ያለው ሐኪም ይህን እንደ መጠራጠር አይቆጥረውም።

የተሰደባችሁ ወይም የተጮኸባችሁ እንደሆነ በዚያው ቅጽበት አትመልሱ፤ ግን ዋጥ አድርጋችሁም አትለፉት፤ እኔ ያን ሌሊት የዋጥኩት ቁጣ ምን እንዳደረገኝ ከላይ ተናግሬያለሁ። በማግሥቱ ለብቻው አግኝታችሁ የሆነውን፣ ያስከተለውንና የምትጠይቁትን በዚሁ ቅደም ተከተል ንገሩት፦ «ትናንት ሌሊት በታካሚዎች ፊት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ተናገሩኝ። ከዚያ በኋላ ስልክ ለመደወል ፈራሁ። ስሳሳት ለብቻዬ እንዲነግሩኝ እጠይቃለሁ።» «ሁልጊዜ እንዲህ ነዎት» የሚል ቃል አትጨምሩበት፤ ስለ አንድ ሌሊት የተነገረ ነገር መልስ ያገኛል፤ ስለ ጠባይ የተነገረ ነገር ግን ጠብ ያመጣል።

ታካሚን ስናነጋግር

ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎታል። በየግድግዳው የተለጠፈውን ወረቀት ሁላችንም አንብበነዋል። በአማርኛ ግን አክብሮት ከሁሉ በፊት የሚታየው በግሡ ላይ ነው። «ማዘር፣ ቁጭ በይ» በሚለው የተለመደ አነጋገራችን ውስጥ «ማዘር» የሚለው ቃል የሰጠውን «በይ» ወዲያው ይነጥቀዋል። በወሎ ገጠር ልጆቻቸውና ምራቶቻቸው «አንቱ» የሚሏቸው ሴት ወይዘሮ፣ የልጅ ልጃቸው በምትሆን ነርስ «አንቺ» ሲባሉ ቅር ቢላቸውም አይናገሩም፤ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሕመማቸው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ግማሹን ብቻ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ታካሚውን እንወቅሳለን፤ እንዲደብቅ ያደረግነው እኛ የምንሆንበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም። በስም ጥሯቸው፤ ስሙን ካላወቃችሁ ካርዱን እዩ፤ «እማማ»፣ «አባባ»፣ «እትዬ»፣ «ሐጂ»፣ «አባ» የሚሉትን እንደየሰዉ ተጠቀሙ፤ ግሡንም አብራችሁ አስተካክሉ። «የአልጋ 7ቱ ስኳር» የሚባል ሰው የለም።

ልብስ ከመግለጣችሁ በፊት መከለያውን ሳቡ፤ ምን እንደምታደርጉ ተናገሩ፤ ፈቃድ ጠይቁ። ወንድ ነርስ ከሆናችሁና ታካሚዋ ሴት ከሆነች ሳትጠየቁ «ሲስተር ትምጣልሽ ወይስ እኔ ልቀጥል?» ማለት ብዙ ጭንቀት ያቀልላል።

«አይዞሽ» የሚለውን ቃል በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። በእኛ ከተማ «አይዞሽ» እና «አብሽሪ» ከመድኃኒት እኩል የሚሠሩ ቃላት ናቸው፤ እጅ ይዞ፣ ዓይን አይቶ የተባለ «አብሽሪ» ምጥ ላይ ያለችን ሴት ሲያረጋጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ይህንኑ ቃል ሰውን ዝም ለማሰኘት የምንጠቀምበት ጊዜ አለ። ታካሚዋ «ሲስተር፣ ዛሬስ ያመኛል» ስትል እየሄድን «አይዞሽ፣ ምንም አይደል» ካልን የተናገረችውን መልሰን አፏ ውስጥ አስገባነው ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቀጥሎ አይዞሽ በሉ። «የት ላይ ነው? ከትናንቱ ይብሳል? ከመቼ ጀምሮ?» ከተባለ በኋላ የሚመጣ «አይዞሽ፣ አሁን ለዶክተሩ እነግረዋለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሼ አይሻለሁ» የሚለው ቃል እውነት አለው። በተባለው ሰዓት ግን መመለስ ያስፈልጋል፤ መመለስ ካልቻላችሁ ሰዓት አትጥቀሱ።

ሌላው የሚያታልለን ቃል «እሺ» ነው። ታካሚዎቻችን «እሺ» የሚሉን ስለተረዱ ሳይሆን ስላከበሩን የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። «ገብቶዎታል?» ብሎ መጠየቅም ሌላ «እሺ» ከማምጣት አያልፍም። የሚሠራው ታካሚው በራሱ ቃል መልሶ እንዲነግራችሁ ማድረግ ነው፤ ፈተና እንዳይመስለው ሸክሙን ወደ ራሳችሁ አዙሩት፦ «በደንብ አስረድቼዎት እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ቤት ሲደርሱ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ እስኪ ይንገሩኝ።» ስህተት ከሰማችሁ አትሣቁ፤ የተሳሳተውን ብቻ እንደገና አስረዱና እንደገና ጠይቁ።

ጽኑና ርኅሩኅ መሆን በአንድ ንግግር ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ እንፈተናለን። ከቃሉ ወረዳ የመጡ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ አንድ አዛውንት «ኢንሻአላህ እጾማለሁ» ቢሏችሁ፣ «መሞት ይፈልጋሉ እንዴ?» ብትሏቸው ይጾማሉ፤ ለእናንተ ግን ዳግመኛ አይነግሯችሁም። «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» ማለትም መተው ነው። እንዲህ በሏቸው፦ «ሐጂ፣ ጾሙ ለእርስዎ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያሳስበኝን ልንገርዎ፤ ኢንሱሊን ወስደው ቀኑን ሙሉ ሳይቀምሱ ሲውሉ ስኳርዎ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ ባለፈው ወርም ወርዶብዎት ነበር። ለታመመ ሰው ማቆየት በሃይማኖቱም የተፈቀደ ነውና ሼሁን ያማክሩ፤ ሐኪሙም ጋር አብረን እንግባ። መጾሙን ከወሰኑ መጠኑና ሰዓቱ ስለሚለወጥ በራስዎ አይጀምሩት፤ ደግሞም ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ የዚያን ቀን ጾም እንዲያቋርጡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።» ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ጾም እንደማያፈርስ አብዛኞቹ ዑለማዎች እንደሚስማሙበት መንገርም ይጠቅማል፤ ብዙዎች በዚህ ፍርሃት ሳይለኩ ይውላሉና። ጠበል ለመሄድ ከአልጋ ልውረድ የሚል ታካሚም በዚሁ መንገድ ይነገራል፤ ጠበሉን አትንቀፉ፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ግን ቃላችሁን አታላሉ።

አስታማሚ፣ ጠያቂና አለቃ

ወሎዬ ሕመምተኛ መጠየቅ ይወዳል፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ ዐሥር ሰው ከነምሳ ዕቃው መቆሙ የፍቅር ምልክት ነው። «ውጡ! ውጡ!» የሚለው ጩኸት ግን ለተረኛዋም ለታካሚውም ድካም ነው። ከሁሉ በፊት ከመካከላቸው ታላቁን ለዩ፤ ወደ እሳቸው ቀርባችሁ፦ «አባባ፣ መምጣታችሁ ደስ ይላል፤ እሱም ደስ ብሎታል። ቁስሉ ገና ስለሆነ ብዙ ሰው ሲኖር ትንፋሽ ያጥረዋል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ እንድትገቡ እርስዎ ያስተባብሩልኝ» በሉ። ሥልጣኑን ለእሳቸው ስትሰጡ ክፍሉ ያለ ጠብ ይጸዳል። የተቆጣ አስታማሚ ሲመጣም መጀመሪያ አስቀምጡት፤ ቆሞ የሚናገር ሰው ድምፁ አይወርድም። እስኪጨርስ ስሙት፤ ከዚያ «ከጧት ጀምሮ ማንም ስላላነጋገራችሁ ተቆጥታችኋል፤ ልክ ናችሁ» በሉ፤ እውነት ከሆነ ብቻ። ስድብ ከጀመረ ደግሞ «ልረዳዎ ነው የመጣሁት፤ እየሰደቡኝ ግን ልረዳዎ አልችልም፤ ሲረጋጉ እመለሳለሁ» ብላችሁ ራቅ በሉ፤ እጁን ካነሣም ጥበቃ ጥሩ፤ ይህን ለብቻችሁ አትጋፈጡት።

ኮምቦልቻ ላይ የሚሠሩ ባልደረቦቼ ከእኛ ይልቅ በተደጋጋሚ የሚያጋጥማቸው ሌላ ነገር አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በከተማዋ ይሠራሉ፤ አንዲቷ ስትታመም ተቆጣጣሪዋ አብሮ ይመጣና ምርመራው ክፍል ውስጥ ይቆማል፤ «ምን አገኛችሁባት? መቼ ትመለሳለች?» ይላል። ልጅቷ በእሱ ፊት እርጉዝ መሆኗን ወይም ማሽኑ እንዴት እንደጎዳት አትናገርም። እዚህ ላይ መጽናት የነርሷ ድርሻ ነው፦ «ይዘዋት በመምጣትዎ እናመሰግናለን። ምርመራው የግሏ ስለሆነ ውጭ ይጠብቁን፤ የሥራ ፈቃድ ወረቀት ካስፈለጋት ሐኪሙ ይጽፍላታል።» ምክንያቱን አታብዙ፤ ምክንያት ሲበዛ ድርድር ይከፈታል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪፈር ስታደርጉም መንገዱ አጭር ቢሆንም ዳገት ነውና፣ አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት ተቀባዩን ክፍል በዚያው በአራቱ ቅደም ተከተል አናግሩ፤ ወረቀቱ ከታካሚው ጋር ነው የሚደርሰው፤ ስልኩ ግን ደም ወይም ኦክስጅን አስቀድሞ ያስዘጋጃል።

ታካሚ በሌሊት ሲያርፍ አብራው ላደረችው ልጅ ወይም ሚስት ለብቻዋ አትንገሩ። መርዶ በአገራችን ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም በማለዳ የሚነገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላ ዘመድ እንዲመጣ አስጠሩ፤ አስቀምጣችሁ፣ ከጎን ተቀምጣችሁ፣ «አረፉ» የሚለውን ቃል ሳትሸሹ ተናገሩ። እስከዚያው ግን ከጠየቀቻችሁ «ደህና ናቸው» ብላችሁ አትዋሹ፤ «ሁኔታቸው ከብዷል፤ ወንድምሽ ይምጣ» ማለት ይቻላል።

ከባልደረባ ጋር፣ እና ልምምዱ

ጀማሪ ነርስ ስትሳሳት ስህተቱን ወዲያው አስቁሙ፤ ትምህርቱን ግን ለብቻዋ፣ በሻይ ሰዓት ስጡ። ተረኝነት ቀይሪልኝ ስትባሉ የማትችሉ ከሆነ «እስኪ አያለሁ» አትበሉ፤ «ዛሬ አልችልም፤ ሐሙስ ከሆነ እችላለሁ» በሉ።

ይህን ሁሉ በንባብ ብቻ ማግኘት አይቻልም። እኛ የምናደርገው ከርክክብ በፊት ዐሥር ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነን አንዷ ሐኪም፣ አንዷ ነርስ በመሆን ባለፈው ሳምንት በእርግጥ ያጋጠመንን አንድ ጉዳይ ጮክ ብለን መለማመድ ነው፤ ሐኪም የሆነችውም እንድትቆጣ ይፈቀድላታል። በቀዶ ሕክምና ክፍል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ላይ ቢላ ከመነሣቱ በፊት ሁሉም ስሙንና ሥራውን እንዲናገር የተደረገውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ አንዴ አፉን የከፈተ ሰው ችግር ሲያይ ሁለተኛ ለመክፈት ይቀለዋል።

ተናግራችሁ ስትጨርሱ ቻርቱ ላይ ጻፉ፦ ያያችሁትን ቁጥር፣ የደወላችሁበትን ሰዓት፣ ለማን እንደነገራችሁ፣ የተሰጣችሁን መልስና ከዚያ በኋላ ያደረጋችሁትን። «ዶክተሩ እምቢ አለ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ከሌሊቱ 8፡10 ለተረኛው ሐኪም በስልክ ተነግሯል፤ ጧት እንደሚያይ ተናግሯል፤ 8፡15 ለሲኒየር ሐኪም ተደውሏል» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩም ስማችሁንና ፊርማችሁን አኑሩ።